ፊዚክስ ለሁሉም ይገባል

ርእሰ አንቀጽ

አንድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አራት ወይም አምስት ዓመት ቆይቶ ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ፣ የሚኖርበት ዓለም በምን ሕግ እንደሚሠራ ጥቂት እንኳ ሳያውቅ ቢወጣ ተምሯል ይባላልን? ሌላውስ ተማሪ ያንኑ ሕግ በቀመር አጥንቶ በፈተና ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ በማግሥቱ ግን ደጃፉ ላይ የሚሆነውን ነገር በዚያው ሕግ ማስረዳት ቢያቅተው፣ እርሱስ ተምሯል ይባላልን? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አንድ ላይ ያነሣናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰዎች እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ያዩአቸዋል፤ በእኛ አስተያየት ግን የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አብሮ ካልተፈለገ አይገኝም።

እንደሚታወቀው ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ የነበረው የፍሬሽማን ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ለአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ወጥ ሆኖ ተመልሷል። የመመለሱም ምክንያት መልካም ነበር፤ ይኸውም ተማሪው ወደ ሙያው ጠባብ መንገድ ከመግባቱ በፊት ሰፋ ያለ ዕውቀት እንዲቀስም ነው። በዚያ ሥርዓት መሠረት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ጂኦግራፊ፣ ሥነ ልቡናን፣ አንትሮፖሎጂን፣ የሥነ ዜጋ ትምህርትንና ሎጂክን ይማራል። ይህ ተገቢ ነው፤ ሐኪም የሚያክመው ሰውን ነውና፤ መሐንዲስም ድልድይ የሚሠራው ለሰው ነውና።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ግን ፊዚክስም ኬሚስትሪም ባዮሎጂም አንድ ሰዓት እንኳ አልተመደበለትም። ለእርሱ የሚሆን ሒሳብና ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚያወሳ አንድ ኮርስ ተሰጥቶታል፤ ነገሩ በዚህ ያበቃል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ለሁለት ስለሚከፈልም፣ የሕግ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የጋዜጠኝነት ወይም የታሪክ ተማሪ ከፊዚክስ ጋር የተሰነባበተው 10ኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ዲግሪ ይይዛል፣ ሹመት ይሾማል፣ ይፈርዳል፣ በጀት ይመድባል፤ ከፊዚክስ ጋር ግን አይገናኝም። እንግዲህ የሳይንሱ ልጅ ወደ ማኅበራዊው ማዶ ይሻገራል፤ የማኅበራዊው ልጅ ግን ወደ ሳይንሱ ማዶ የሚሻገርበት መንገድ የለውም ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ጎደለበት?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ከሩቅ አንፈልግም፤ ከደጃፋችን እንጀምር።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ወንዙ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ 1,400 ሜትር ግድም ቁልቁል ይሄዳል። ጭነቱን ጨምሮ 30 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ይህን ቁልቁለት ፍጥነቱን ሳይጨምር ሲወርድ፣ በከፍታው ምክንያት የነበረው ኢነርጂ አይጠፋም፤ ወደ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ቢሰላ ከ400 ሚሊዮን ጁል ይበልጣል። ይህም ከ1,300 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ ደብረ ማርቆስ ላይ እስኪፈላ ድረስ ሊያሞቅ የሚችል ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይዞ ሞተሩ እንዲያግዘው ካላደረገ በቀር የዚህ ሙቀት አብዛኛው የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው፤ ከልክ በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ሾፌሩ ይህን በልምድ ያውቀዋል። የመኪናው ባለቤት፣ ጭነቱን የፈቀደው ሹም፣ አደጋ ደርሶ መዝገቡ ሲቀርብ የሚከራከረው ጠበቃና የሚፈርደው ዳኛስ ያውቁታልን?

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በ9 ሜትር ግድም ቢቆም፣ በ80 የሚሄደው 36 ሜትር ይፈጅበታል። የትራፊክ ፖሊስ ለክቶ በፕላን የሚያሰፍረው የጎማ ምልክት ስለ ፍጥነቱ የሚመሰክረው በዚህ ሕግ መሠረት ነው። ሕጉን ያልተማረ ዳኛ ግን ባለሙያው የነገረውን እንዳለ ከመቀበል ወይም እንዳለ ከመጣል በቀር መርምሮ መለየት አይቻለውም። የአንድ ሰው ነፃነትና የአንድ ሟች ቤተሰብ ካሣ የተንጠለጠለው በዚያች ምልክት ላይ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛም ምሳሌ እንስጥ። ክረምት በገባ ቁጥር በደጋው አገር መብረቅ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። ብልጭታው ከታየበት አንሥቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ ለ3 ያካፈለ ሰው፣ መብረቁ የወደቀበትን ርቀት በኪሎ ሜትር ያገኘዋል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ግድም ይጓዛልና። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ለምን እንደሚገድል፣ ገላጣ ሜዳ ላይ መቆም ለምን እንደማይበጅ፣ ጣራና ግድግዳው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ መቀመጥ ለምን እንደሚያድን ለማንም ሰው በቀላሉ ሊነገር ይቻላል። ዳሩ ግን ይህን ለገበሬው የሚነግሩት በአብዛኛው የፊዚክስ ምሩቃን አይደሉም። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛው፣ የቋንቋና የታሪክ መምህሩ ናቸው። እነርሱ ካልተማሩት ለማን ያስተምሩታል?

ሦስተኛው ምሳሌ የአገር ጉዳይ ነው። ጎጃምን ዙሪያውን ከቦ በሚወርደው በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው ሁሉም ይናገራል። በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው ግን 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ግድም ነው፤ ተርባይኖቹ በሙሉ ዓመቱን በሙሉ ያለ ዕረፍት ቢዞሩ ኖሮ ወደ 45,000 ይደርስ ነበር። ልዩነቱ ከየት መጣ? ግድቡ ጉድለት ስላለበት ነውን? አይደለም። ሜጋዋት የሚነግረን በአንድ ጊዜ ምን ያህል ሊሰጥ እንደሚችል ነው፤ ጊጋዋት ሰዓት ደግሞ በጊዜ ብዛት የተሰጠውን ድምር ነው። ድምሩን የሚወስነው ወንዙ በዓመት ውስጥ የሚያመጣው ውሃና ውሃው የሚወድቅበት ከፍታ ነው። ይህን የማይለይ ኢኮኖሚስት ዕቅዱን፣ ጋዜጠኛው ዜናውን፣ ዲፕሎማቱ ክርክሩን በምን መሠረት ላይ ያቆማል?

ነገሩን የሚያከብደው ቋንቋችንም ጭምር ነው። በዕለት ንግግራችን ኃይል፣ ጉልበት፣ አቅም የሚሉት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ ይገባሉ። በፊዚክስ ግን ፎርስ፣ ኢነርጂና ፓወር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ የሚገፋው ወይም የሚስበው ነው፤ ሁለተኛው ሥራ ለመሥራት የተጠራቀመው ነው፤ ሦስተኛው ያ ሥራ የሚሠራበት ፍጥነት ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉን ብቻ ሸምድዶ የሚሄድ ተማሪ በአማርኛ ሲያስብ ሦስቱን መልሶ ይደባልቃቸዋል። ስለዚህ ልዩነቱን በሚያስብበት ቋንቋ የሚያብራራለት መምህር ያስፈልገዋል።

እስከዚህ የተናገርነው ፊዚክስን ሙያው ስለማያደርገው ተማሪ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ሳይንሱ ተማሪ እንመለስ።

በ2012ቱ ሥርዓት ጄኔራል ፊዚክስ የተባለው ኮርስ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ሁሉ የወጣ ነው። የነገው ነርስ፣ የእርሻ ባለሙያው፣ መሐንዲሱ፣ ኬሚስቱና ፊዚክስን ዕድሜ ልኩን ሊይዘው የሚሻው ሁሉ በአንድ በር ይገባሉ። ከመለኪያና ከቬክተር ተነሥቶ በእንቅስቃሴ፣ በፈሳሽ፣ በሙቀት፣ በሞገድና በብርሃን አልፎ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ድረስ ያለውን መንገድ በአንድ ሴሚስተር መጨረስ ግዴታ ነው። እንዲህ ያለ ግልቢያ ለማንም አይበጅም። ፊዚክስን ለሚወድደው ጥልቀት የለውም፤ ለሚፈራው ዕረፍት የለውም። ጊዜ ባጠረ ቁጥር ቀድሞ የሚቀረው ደግሞ ቤተ ሙከራው ነው። የሚተርፈው ቀመር ነው፤ ቀመርም ያለ ነገሩ ሲያዝ እንደማይገባ ዜማ በአፍ ብቻ የሚባል ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስለን። አንድ እረኛ ወንጭፉን አሽከርክሮ ድንጋዩን ሲለቅቀው፣ ድንጋዩ በአየር ላይ ሳለ የትኛው ፎርስ ይሠራበታል? ብዙ ሰው «የወንጭፉ ጉልበት አብሮት ይሄዳል፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ይወድቃል» ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን ወንጭፉን ከለቀቀ በኋላ የመሬት ስበትና የአየሩ ተቃውሞ ብቻ ናቸው የሚል ነው። እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ያለ ቀመር የሚጠይቅ አንድ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1992 ሄስተነስ፣ ዌልስና ስዋክሃመር የተባሉ አሜሪካውያን አሳትመው ነበር። ፈተናውም አንድ የሚያሳፍር ነገር ገለጠ፤ ይኸውም በቀመር የተሞላውን የኮርስ ፈተና አሳምረው የሚያልፉ ተማሪዎች በዚህ ቀላል በሚመስል ፈተና ሲወድቁ ታዩ።

ሪቻርድ ሄክ የተባለ መምህር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የ62 ኮርሶችንና ከ6,500 የሚበልጡ ተማሪዎችን ውጤት ሰብስቦ አመዛዘነ። መምህሩ እየተናገረ ተማሪው እየጻፈ ብቻ በሚያልቅባቸው ክፍሎች፣ ተማሪዎቹ ኮርሱ ሲጀመር ካልነበራቸው ዕውቀት ውስጥ በአማካይ 23 በመቶ ያህሉን ብቻ አገኙ። ተማሪው በሚያስብባቸው፣ በሚሞክርባቸውና ከጓደኛው ጋር በሚከራከርባቸው ክፍሎች ግን 48 በመቶ ደረሱ። መጽሐፉ አንድ፣ ሕጉ አንድ፣ ልዩነቱ የማስተማሪያው ዘዴ ነበር።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የተጠቀመበት ዘዴም ከዚህ ወገን ነው። ለክፍሉ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው መልሱን ይወስናል፤ ከዚያም ከጎኑ ካለው ተማሪ ጋር ይከራከራል፤ በመጨረሻም እንደገና ይመልሳል። ዓለም ይህን እንደ አዲስ ግኝት ተቀበለው። ለጎጃም ሰው ግን እንግዳ ነገር አይደለም። በዋሸራና በጎንጅ፣ በዲማም ቢሆን፣ የቅኔ ተማሪ የየኔታን ቃል ሰምቶ በመድገም ብቻ አልተማረም። ዋዜማውን ሜዳ ወጥቶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ለአስነጋሪው ይነግራል፤ አስነጋሪው ያርመዋል፣ ይሞግተዋል፤ በኋላ ነው ወደ መምህሩ የሚቀርበው። በየጊዜው አዲስ ቅኔ ያላመጣ ተማሪ ቅኔ ያውቃል አይባልም። የፊዚክስ ክፍላችንስ በራሱ ያላሰበውን ተማሪ ስለ ምን «ያውቃል» ብሎ ያሳልፋል?

የሌላውን ዓለም ልምድ ከጠቀስን አይቀር ስለ ሁለቱ ዓይነት ኮርሶች የተደረገውንም እናንሣ። ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1963 በካልቴክ ለጀማሪ ተማሪዎች የሰጠው ሌክቸር በመላው ዓለም የታወቀ መጽሐፍ ሆኗል። ይሁን እንጂ ፋይንማን ራሱ በመጽሐፉ መቅድም ላይ ለብዙዎቹ ተማሪዎች በሚገባ የጠቀመ መስሎ እንዳልታየው ገልጿል። በሌላ ወገን ፖል ሂዊት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ኮሌጅ ሳይንስን ሙያቸው ለማያደርጉ ተማሪዎች ያስተማረውን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1971 በመጽሐፍ አወጣው፤ ሐሳቡ አስቀድሞ፣ ሒሳቡ ተከትሎ የሚመጣበት መጽሐፍ ነው። በበርክሌይም ሪቻርድ ሙለር የነገ መሪዎች ሊያውቁት የሚገባ ፊዚክስ ብሎ ኮርስ አቋቁሞ ስለ ኢነርጂ፣ ስለ ኒውክሌር፣ ስለ ሳተላይትና ስለ አየር ንብረት አስተምሯል። ከእነዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ለሙያተኛውና ሙያተኛ ላልሆነው የሚሰጠው ትምህርት ወፍራምና ቀጭን የአንድ መጽሐፍ ቅጂ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው፤ ሁለቱም በየራሳቸው የከበዱ፣ ሁለቱም ጥሩ መምህር የሚሹ።

አሁን ሁለቱ ጥያቄዎች ስለ ምን አንድ እንደ ሆኑ እንናገር። የቤተ ሙከራ ዕቃ ይገዛ ወይስ ይቅር፣ የተሰበረው ይጠገን ወይስ ይጣል የሚለውን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ፊዚክስ የተማረ ሰው አይደለም። አስተዳደር፣ ሒሳብ አያያዝ፣ ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ነው። በ10ኛ ክፍል ፊዚክስን እንደ ቅጣት ቆጥሮ የተለያት ሰው፣ ዛሬ ኦሲሎስኮፕ ለምን እንደሚያስፈልግ ማን ያስረዳዋል? ለእርሱ ቤተ ሙከራ ወጪ ብቻ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት የተማረው የፊዚክስ ምሩቅ ደግሞ መምህር ሆኖ ወደ ወረዳ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ እንደተማረውም ያስተምራል። ከእርሱ ክፍል የሚወጣው ልጅ ፊዚክስን ፈርቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሸሻል፤ ተምሮም ሹም ይሆናል፤ እንደገናም በጀቱን ይከለክላል። ክቡ በዚህ ዓይነት ይዘጋል።

የዚህ ክብ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ለማየት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት መመልከት ይበቃል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህ ውድቀት የፊዚክስ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። ነገር ግን መምህራንን የሚያወጣ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ቁጥር ራሱን ነጥሎ ሊያይ አይችልም። ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለዓመታት ከመቶ 70 የሚሆነው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ የተደረገበትም ዘመን የሚያስተምረን አለ። ተማሪን በቁጥር ወደ ሳይንስ መምራት ይቻላል፤ ልቡን ግን በኮታ ማምጣት አይቻልም። ልብ የሚመጣው ጥሩ የመጀመሪያ ኮርስ ሲያገኝ ነው።

ፊዚክስ የውጭ አገር ዕቃ ነው የሚሉም አሉ። ታሪካችን ግን እንዲህ አይልም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ፣ ማለት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። መሥራቹ አባ ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አወጡ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥና ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ የዚህ ሥራ ጥቅም ለሁሉም ታየ። ያን ጊዜ የጎደለው የሚለካ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ልኩን አንብቦ ለሕዝብ የሚያስረዳም ሰው ነው። በመንቀጥቀጥ መለኪያ አንድ ቁጥር መጨመር 32 እጥፍ ግድም ኢነርጂ መሆኑን የማያውቅ ዘጋቢ፣ 4ን ከ5 ትንሽ ብቻ ያነሰ አድርጎ ያወራል።

እንግዲህ ኅብረታችን ምን ይሻል? ትችት ብቻ ተናግሮ መቀመጥ ለተማሪ አይገባምና ሐሳባችንን በግልጽ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች አንድ የፊዚክስ ኮርስ ይሰጥ። የአገሪቱ ሥርዓት እስኪሻሻል ድረስ በምርጫ ይጀመር። ካልኩለስ አይኑርበት፤ ነገር ግን ማሰብ ይኑርበት። በየሳምንቱ አንድ ጉዳይ ይያዝ፤ የመኪና ፍሬን፣ መብረቅ፣ የግድብ ውሃ፣ የፀሐይ ሰሌዳ፣ የስልክና የሬዲዮ ሞገድ፣ ኤክስሬይና ጨረር፣ የቤት ቆጣሪ። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ሲጋገርበት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት እንደሚቆጥር ተማሪው ራሱ ቆጣሪውን አይቶ ያረጋግጥ። ፈተናውም ቀመር መጥራት ሳይሆን መገመትና ማስረዳት ይሁን።

ሁለተኛ፣ የሳይንስ ተማሪዎች ኮርስ ከቤተ ሙከራ ይጀምር። የመሬት ስበት 9.8 ነው ብሎ ከመጽሐፍ ከመቅዳት ይልቅ ተማሪው ድንጋይ በሲባጎ አንጠልጥሎ 100 ጊዜ እያወዛወዘ በስልኩ ሰዓት ይቁጠር። በጥንቃቄ ከለካ አውሮፓ በታተመ መጽሐፍ ያለውን 9.81 ሳይሆን 9.78 ግድም ያገኛል፤ እኛ ለምድር ወገብ የቀረብን፣ ከባሕር ወለልም ከፍ ያልን ነንና። በዚህች ሲባጎ ስለ ስበት ብቻ ሳይሆን ስለ ልኬት ስሕተትና ስለ እውነተኛነትም ይማራል። ውሃም ያፍላ። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92፣ ዓባይ በረሃ ታች በ96 ተኩል፣ ጮቄ ራስ ላይ በ86 ዲግሪ ግድም እንደሚፈላ አስቀድሞ ያስላ፤ በኋላም በቴርሞሜትር ይፈትን። የባቄላ ንፍሮ ከበረሃው ይልቅ በደጋው ለምን እንደሚዘገይ የሚያስረዳ ተማሪ የአየር ግፊትን ምዕራፍ በሚገባ ተምሯል።

ሦስተኛ፣ የፊዚክስ ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ለጀማሪዎች አስነጋሪ ይሁኑ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ጥቂት ጥቂት ተማሪ ይዘው ያከራክሩ። ይህም ለጀማሪው እርዳታ ነው፤ ለአስነጋሪው ደግሞ ከማንኛውም ሌክቸር የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ ነገ መምህር የሚሆነው እርሱ ነውና። ማብራሪያው በአማርኛ ቢሆን ነውር የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ላለው የመውጫ ፈተናም የገባው ተማሪ ከሸመደደው ተማሪ ይልቅ ይዘጋጃል እንጂ አያንስም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ውጤቱ ይበላሽበታል» ይባላል። ይህን ለማስቀረት በአለፈና ወደቀ ብቻ ሊታረም ይቻላል። «ክሬዲቱ ሞልቷል» ይባላል። የሳይንሱ ተማሪ ለአንትሮፖሎጂ ቦታ ካገኘ የአንትሮፖሎጂው ተማሪም ለፊዚክስ ቦታ አያጣም። «ዕቃ የለም» ይባላል። ከላይ የዘረዘርነው ሲባጎ፣ ድንጋይ፣ ድስት፣ ቴርሞሜትርና የእጅ ስልክ ነው። ለከፍተኛው ትምህርት ውድ ዕቃ እንደሚያስፈልግ አንክድም፤ ለመጀመሪያው ግን የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ፈቃድ ነው። «ትምህርቱ ይረክሳል» የሚሉ የፊዚክስ ሰዎችም ይኖሩ ይሆናል። ትምህርት የሚረክሰው ለብዙ ሰው ሲሰጥ አይደለም፤ ለማንም ሳይገባ ሲቀር ነው።

ለጓዶቻችን ተማሪዎችም የምንለው አለን። የሕግና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ሆይ፣ ፊዚክስን የሌላ ፋኩልቲ ርስት አድርጋችሁ አትዩት፤ ነገ የምትፈርዱበትና የምታቅዱበት ነገር ሁሉ ክብደት፣ ፍጥነትና ሙቀት አለው። የፊዚክስ ተማሪዎች ሆይ፣ ትምህርታችሁን እንደ ምስጢር አትያዙት፤ ለአንድ የታሪክ ተማሪ ልታስረዱት የማትችሉት ሕግ ለእናንተም ገና አልገባችሁም።

የዩኒቨርሲቲው ሴኔት፣ የፊዚክስ ትምህርት ክፍልና ትምህርት ሚኒስቴር ይህን ጉዳይ በየበኩላቸው እንዲያስቡበት እናሳስባለን። ሐሳባችን የሚሻሻል ካለው ለመስማት ዝግጁ ነን፤ የዚህም ወረቀት ዓምድ ለመምህራንም ለተማሪዎችም ክፍት ነው። የምንለምነው ግን አንድ ነገር ነው፤ መልሱ «ወደፊት ይታያል» የሚል እንዳይሆን። አዲስ ገቢ ተማሪዎች በየዓመቱ ይመጣሉ፤ በየዓመቱም ግማሾቹ ፊዚክስን ሳያዩት፣ ግማሾቹ ሳይገባቸው ያልፋሉ። ፊዚክስ ለሁሉም ይገባል፤ ለሁሉም እንዲገባ ማድረግ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው።